አራስ ቤትና አልጋ



ስለ ዐፄ ምኒልክ ዲስኩር ይደረጋል ሲባል ሰው ዐድዋን ጠብቆ ይመጣል። ዐድዋን ዛሬ አልነካውም። ይዤ የመጣሁት የእልፍኝ ወሬ ነው፤ እኚያ ንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ እንዴት አገኙ፣ ካገኙስ በኋላ ምን አደረጉት የሚል። «ይኼማ የቡና ወግ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ከ1901 እስከ 1923 ዓ.ም. ያለው የአገራችን ፖለቲካ ግን ይህን ወግ ሳይሰሙ የሚገባ አይመስለኝም። ዘመኑን ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በማናችንም ቤት የልጅ ልጅ ሲመጣ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ምጡ ሲጠና ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ሕፃኑ ዱብ ሲል እልልታው ይቀልጣል። ገንፎው ይገነፋል፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ከዚያ ወዲያ የአያት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማሞላቀቅ። እናት ስትቆጣ ልጁ ሮጦ አያቱ ጋቢ ሥር ይገባል፤ አያትም «ተይው እባክሽ» ይላሉ።

በቤተ መንግሥትም ገንፎው አይቀርም፤ እልልታውም እንዲሁ። ልዩነቱ ደጃፉ ላይ ነው። መኳንንቱ ውጭ ቆመው የሚጠይቁት እናትየው በሰላም መገላገሏን ብቻ አይደለም። ወንድ ነው ሴት? በእናቱ በኩል የማን ዘር ነው? በአባቱ በኩል የትኛው አገር አብሮ ይመጣል? የትኛው ቤት ቀረበት? ሕፃኑ ገና ጡት ሳይዝ ዙሪያው ሁሉ ይሰላል።

የፖለቲከኛ ቤት የልጅ ልጅ ሲመጣ ዝም ብሎ ደስ አለማለት የኛ ብቻ አመል አይደለም። በመስከረም 2007 የክሊንተኖች ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የአሜሪካ ጋዜጠኞች አያትየዋ ሂላሪ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራሉ ወይስ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ይቀመጣሉ እያሉ ሲሟገቱ ነበር። ወንድ አያት እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እሱን እንለፈው። እዚያ የተመዘኑት አያት ናቸው። በምኒልክ ቤት ግን ሚዛን ላይ የወጣው ሕፃኑ ነበር።

ምኒልክ ራሳቸው ታሪካቸው የሚጀምረው በልጅ ልጅነት ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1836 አንጎለላ ሲወለዱ እናታቸው እጅጋየሁ የቤተ መንግሥቱ አገልጋይ እንደነበሩ ይተረካል። ይህ ልጅ እንደ ነውር ተቆጥሮ ወደ ጓዳ ሊገፋ ይችል ነበር። በትረካው መሠረት ልጁን ያነሡትና ስም ያወጡለት አያቱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። አያትየው በ1840 ሲያርፉ ምኒልክ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ከዚያ አባታቸው ኃይለ መለኮት በ1848 ሞቱ፤ ልጁም በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቀ፣ መቅደላ አደገ፣ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አገባ፣ በ1857 ሲያመልጥም ሚስቱን እዚያው ትቶ ነው። ጋብቻ ገመድም መጋረጃም ሊሆን እንደሚችል ምኒልክ የተማሩት ገና በጉርምስናቸው ነው። ትምህርቱን አልረሱትም፤ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ሠሩበት።

ልጆቻቸው ጥቂት ነበሩ። የሚታወቁት ሸዋረጋ፣ ዘውዲቱና አስፋ ወሰን ናቸው። አስፋ ወሰን በልጅነቱ ሞተ። በ1875 ፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ካገቧቸው ከእቴጌ ጣይቱ ደግሞ ልጅ አልተወለደም። እንግዲህ ያን ሁሉ ግዛት ያሰፋው ቤት የቀሩት ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ሁለት ሴቶች ልጆች ማለት ሁለት የልጅ ልጅ ተስፋዎች ማለት ነው።

ዘውዲቱን እንያት። ሚያዝያ 22 ቀን 1868 ተወለደች። በ1874 ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ የያኔው ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ ተቆጡ፤ በኋላ ዕርቅ ሆነ። የዕርቁ ማሠሪያ ዘውዲቱ ነበረች። በ1875 ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ ያላችሁ ቤታችሁ ስትገቡ እስቲ እዩዋት፤ ጥርሷ ገና መነቃቀል የጀመረ ልጅ ናት። ሁለቱ አባቶች ያሰቡት ግልጽ ነው፤ ከዚህች ልጅና ከዚያ ልጅ የሚወለደው የዮሐንስም የምኒልክም የልጅ ልጅ ይሆናል፤ ትግራይና ሸዋ በአንድ ሕፃን ላይ ይታረቃሉ።

ያ ሕፃን አልተወለደም። አርአያ በ1880 ሞቱ። በዚያን ሰዓት ምኒልክና ዮሐንስ ዳግም ተቃቅረው፣ ጦር ሊማዘዙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እንዲህም ሆኖ ዮሐንስ ምራታቸውን ብዙ ከብት ሰጥተው በክብር ወደ አባቷ ሸኟት። በዚያ ሁሉ ተንኮልና መጠባበቅ መሐል ይህችን ነገር ሳነብ ቆም እላለሁ። ለጠላት ልጅ እንዲህ አይደረግም፤ ይህ ለምራት የሚደረግ ነው። ልጃቸውን የቀበሩ አባት፣ ያለ ልጅ የቀረችውን የአሥራ ሁለት ዓመት መበለት ባዶ እጇን ሊሰዷት አልፈለጉም።

ሸዋረጋ በመጀመሪያ የራስ ጎበናን ልጅ ወዳጆን አገባች፤ ወሰን ሰገድን ወለደች። ልብ በሉልኝ፤ የምኒልክ የልጅ ልጅ ሲባል ሁላችንም ኢያሱ እንላለን እንጂ የአያትነትን በር የከፈተላቸው ወሰን ሰገድ ነው። ቁመቱ አላደገም፤ ጤናውም ደካማ ነበር። ስለዚህ ለአልጋ የሚያስበው አልነበረም። የታሪክ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል፤ «ለመንግሥት የማይሆን ስለነበር» ብለው። አያቱ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት ያውቁ ይሆን? እንዲህ ያለውን የጻፈ የለም። አልጋ ወራሹን ከሚያስታውቀው አዋጅ በፊት ሞተ፤ ለእሱ አዝናለሁ ለማለት እንኳ ወረፋ ያለ ይመስላል፣ ሁልጊዜ ኢያሱ ይቀድመዋል።

ከወዳጆ በኋላ ሸዋረጋ የወሎውን ራስ ሚካኤልን አገባች። ሚካኤል ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ የሚባሉ የወሎ ኢማም ነበሩ። ይህም ጋብቻ እንደ ዘውዲቱ ጋብቻ የአገር ጋብቻ ነው። ከእሱ ዘነበወርቅና ኢያሱ ተወለዱ። ሸዋረጋ ብዙም አልቆየች፤ ኢያሱ ገና ጨቅላ ሳለ አረፈች። ዘነበወርቅ ደግሞ በልጅነቷ በዕድሜ ለሚበልጧት ለጎጃሙ ራስ በዛብህ ተዳረች፤ በወሊድ ሞተች። እዚህ ላይ ፖለቲካውን ትተን ቤቱን እንቁጠረው። ወንድ ልጅ ሞቷል፤ ትልቋ ሴት ልጅ ሞታለች፤ የልጅ ልጂቱ አራስ ሳትሆን ሞታለች፤ ታላቁ የልጅ ልጅ ሕመምተኛ ነው። የዐድዋው ድል አድራጊ ቤት ከብዙ ድሀ ገበሬ ቤት ይልቅ ሐዘን የበዛበት ነበር። የቀሩት ዘውዲቱና ኢያሱ ናቸው።

እቴጌ ጣይቱ እዚህ ላይ ይመጣሉ። ስለ እሳቸው ሲወራ «ሥልጣን ወዳድ» የሚለው ቃል ፈጥኖ ይመጣል። ሥልጣን አልወደዱም የምል አይደለሁም። ነገር ግን የዳሯቸውን ሰዎች ዝርዝር እዩ። ዘውዲቱ ከአርአያ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብታ ፈታለች፤ በ1892 ለጉግሣ ወሌ ዳሯት። ጉግሣ የጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ነው። በ1901 ደግሞ ኢያሱን ለሮማነወርቅ መንገሻ አጩት። የሮማነወርቅ አባት የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ናቸው፤ እናቷ ከፈይ ደግሞ የዚያው የራስ ወሌ ልጅ ናት። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቤት ይገባሉ። ከዘውዲቱም ይወለድ ከኢያሱ፣ የሚመጣው ሕፃን በአንድ ወገን የምኒልክ፣ በሌላ ወገን የወሌ ብጡል ዘር ይሆናል። ማህፀናቸው ያልሰጣቸውን የልጅ ልጅ ጣይቱ በአማችነት ሊያገኙት ሞከሩ። እኔ ይህን ሳይ ከሥልጣን ጥም ጋር ሌላም ጥም ይታየኛል። በዚያ ቤት ልጅ የሌላት ሴት፣ እቴጌም ብትሆን፣ ባሏ የተኛ ቀን ማንም እንዳልሆነች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ባላቸውም ታመሙ። ምኒልክ በግንቦት 1901 ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑን፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ደግሞ ሞግዚትና እንደራሴ መሆናቸውን አስታወቁ። በዚያው ወር ነው የሮማነወርቅም ጋብቻ የሆነው፤ እሷም እንደሱ ገና ልጅ ነበረች። አዋጁ እርግማን ነበረበት። ቃሉን ያፈረሰ ሰው ጥቁር ውሻ እንዲወልድ ተረገመ። እርግማኑን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የት ላይ እንዳረፈ ግን ልብ አንለውም። አንገትህ ይቆረጥ፣ ርስትህ ይነቀል አላሉም። የመቱት አራስ ቤትን ነው። የልጅ ልጁን የከዳ ሰው በገዛ ልጁ ይቀጣ አሉ። በዚያ ቤት ከሁሉ የከፋው መከራ የቱ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ ሰነድ አላየሁም።

በጥቅምት 1902 ምኒልክ ክፉኛ ታመሙ፤ ሰውነታቸው ሰለለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 እንዲያ ሆነው ኖሩ። ከአራት ዓመት በላይ ማለት ነው። ኢያሱን ስታስቡት ይህን አስቡልኝ። እናቱን አያውቃት። አባቱ የወሎ ገዥ ናቸው፤ ኑሯቸውም ሥራቸውም እዚያ ነው። ሞግዚቱ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ሞቱበት። አያቱ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ተኝተዋል፤ መቆጣት አይችሉም፣ ማሞላቀቅም አይችሉም። አፍላ ጎረምሳ ሆኖ፣ አገር ሁሉ እጅ እየነሣው፣ «ተው» የሚለው አንድ የሥጋ ዘመድ አጠገቡ አልነበረም።

ኢያሱ ቀበጠ፣ ባለገ፣ ከዋና ከተማው ጠፍቶ በረሃ ለበረሃ ዞረ ይባላል። ሰለመ አልሰለመ የሚለውን ክርክር ለሌሎች እተወዋለሁ፤ ስሙን ለማጥፋት ብዙ ቀለም እንደፈሰሰ ግን አውቃለሁ። በእስላሙና በክርስቲያኑ መካከል ድልድይ ሊሠራ የሞከረ አርቆ አሳቢ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መካከል እሆናለሁ። አሳዳጊ የበደለው ልጅ ይባላል በኛ ዘንድ፤ ኢያሱን ግን ያሳደገው ሹመት ነው። ሹመት ደግሞ ልጅ ማሳደግ አይችልበትም።

የጣይቱ ነገር በፍጥነት አለቀ። በመጋቢት 1902 መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። የሮማነወርቅም ጋብቻ አብሮ ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ ኢያሱ የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገባ። የአያት ሚስት ስትወድቅ የልጅ ልጁ ሚስት ተቀየረች፤ በሌላ አገር ሰርግና ሽረት በዚህ ፍጥነት ይከታተሉ እንደሆነ አላውቅም፤ በኛ ግን ተከታትለዋል። ዘውዲቱና ባሏም ከዋና ከተማው ተገፍተው ገጠር ተቀመጡ። አክስትና የወንድም ያህል የምትቆጥረው የእህቷ ልጅ እንደ ባላንጣ ተያዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ከምኒልክ ቤት ወጥቼ ወደ ሚካኤል ቤት። ይህን ዝምድና በደንብ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር። ራስ ሚካኤል ከሌላ ሚስት ስሂን የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ስሂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አገባች፤ መነንን ወለደች። መነን እንግዲህ ለሚካኤል የልጅ ልጅ ናት፤ ኢያሱ ደግሞ አጎቷ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን ተቀራራቢ ነው። በ1903 ክረምት መነን ለወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተዳረች። ከዚያ በፊት የራስ ልዑልሰገድ ሚስት ነበረች፤ ያፋታትም ኢያሱ እንደሆነ ይነገራል። ተፈሪን በዝምድና ለማሰር መሆኑ ነው። አያቱ በአልጣሽ የታሠሩበት ገመድ ማለት ነው፤ ይህም ብዙ አልያዘም።

ሐምሌ 20 ቀን 1908 መነን ሐረር ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። አስፋ ወሰን ተባለ። ያኔ የሚካኤል ማዕረግ ራስነት ብቻ አልነበረም፤ ልጃቸው ኢያሱ የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርጎ አንግሷቸዋል። ንጉሥ ሚካኤል ቅድመ አያት ሆኑ። በሌላ ቤት ቢሆን ደሴ ላይ እልል የሚባልበት ነገር ነው። በሕፃኑ አባትና በእናቱ አጎት በኢያሱ መካከል ያለው ነገር ግን ያን ጊዜ ከስሮ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ኢያሱን ሻሩ። የምኒልክ እርግማን ያስፈራ ስለነበር ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቷቸው። ጥቁር ውሻ እንዳይወልዱ የፈሩት ሰዎች ተፈትተው ወደየቤታቸው ሲገቡ ምን ያህል ቀሏቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ዘውዲቱ ንግሥት ተባለች፤ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነ።

ሚካኤል ለልጃቸው ተነሡ። ሰራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ከፊታቸው የቆመውን ጦር ደመሰሱ፤ እዚያ ከወደቁት አንዱ ራስ ልዑልሰገድ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው የመነን የቀድሞ ባል። ከዚያ ሰገሌ ላይ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ ከሸዋ ጦር ጋር ገጠሙ። በዚያ ወገን የነበረው ተፈሪ ሦስት ወር የሆነው የልጅ ልጃቸው ልጅ አባት ነው። ሽማግሌው ለልጃቸው ሲሉ የልጅ ልጃቸውን ባል ሊገድሉ፣ የልጅ ልጃቸው ባል ደግሞ የሚስቱን አያት ሊገድል ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ያን ዕለት ከሁለቱም ወገን የሞተው ብዙ ሺህ ሰው ይህን የዝምድና ሐረግ ቆጥሮ አያውቅም። ሚካኤል ተማረኩ፤ አዲስ አበባ በሕዝብ ፊት በእስረኛነት አለፉ፤ ሁለት ዓመት ያህል ታስረው ሞቱ።

ስለዚያ ቀን የመነንን ቃል ለማግኘት ብፈልግ አላገኘሁም። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ሰገሌ የመድፉን ቁጥር ሳይቀር ሲዘረዝሩ፣ አያቷ ከባሏ ሲዋጋ ሕፃን የታቀፈችው ሴት የት እንደነበረች፣ ለማንኛው እንደጸለየች የጠየቃት ያለ አይመስልም። ብትጠየቅስ ምን ትላለች።

ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዘውድ ደፉ፤ ከአሁን በኋላ አንቱ ልበላቸው። ዘውዱ የመጣው ግን ባልን በመተው ነው። መኳንንቱ የጣይቱ ወገን ዳግም ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ፈርተው ራስ ጉግሣን ከንግሥቲቱ ለዩአቸው፤ በጌምድር ላኩአቸው። ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ሲዋጉ ሞቱ፤ ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ዐረፉ። ልጅ አልተዉም። ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ «የልጅ ልጅ ትወልዳለች» ተብሎ የተጠበቁት ሴት የምኒልክን ቤት ንግሥና በስማቸው ዘጉ።

ኢያሱስ? በ1913 ተይዞ ፍቼ ራስ ካሣ ዘንድ ታሰረ። በ1924 አመለጠ፤ ሳይቆይ ተያዘ፤ በማስመለጡ ነገር ተጠርጥረው የተፈረደባቸው ደግሞ የሰብለ ወንጌል አባት፣ የቀድሞ አማቱ ራስ ኃይሉ ናቸው። ከዚያ ወደ ሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ፤ ኅዳር 1928 እዚያው ሞተ። ልጆች ነበሩት፤ የምኒልክ ዘር የቀጠለው በእነሱ በኩል ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ በዚያው ዕለት መነን እቴጌ ሆኑ፤ ልጃቸው አስፋ ወሰን አልጋ ወራሽ ተባለ። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሲባል ከነበረው ዕድሜ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ሰገሌ ላይ የተሸነፈው የንጉሥ ሚካኤል ቤት፣ የልጅ ልጁ በእቴጌነት፣ የልጅ ልጁ ልጅ በአልጋ ወራሽነት ገባ፤ ያውም የሚካኤል ልጅ ፍቼ ላይ ታስሮ ባለበት ሰዓት። ሰገሌን የሸዋና የወሎ ጦርነት አድርገው ለሚያስተምሩ ሰዎች ይህን የዝምድና ሐረግ ሰሌዳ ላይ እንዲሥሉልኝ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። አብዛኛዎቹ ከግማሽ በኋላ መስመሩ ይጠፋባቸዋል። እኔም አንዳንዴ ወረቀት አወጣለሁ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ መሰል፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።